ጦር የማይወረወርበት ዓሣ

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ መርሳ ዱሌ በምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር፣ ሐሩሩ በረድ ብሎ ባሕሩ እንደ አጓት በሚደፈርስበት ወራት፣ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ፣ ከጀልባ የሚረዝም ዓሣ ይመጣል። የተማሩት የዓሣ ነባሪ ሻርክ ይሉታል፤ መንደርተኛው ግን «እንግዳው» ይለዋል። እርሱ ብቅ ሲል በየጀልባው ያለ ሁሉ ጦሩን ከእግሩ ሥር ያጋድማል፤ እስኪያልፍም ድረስ ማንም አያነሣም። የልማዱን አመጣጥ ሽማግሌዎች እንዲህ ይተርኩታል።

በቀደመው ዘመን ደርሳ የሚባል፣ ጦሩ የማይስት አስጋሪ ነበር። አባቱ ሐመዶ ከገዛ ታናሽ ወንድሙ ከያዮ ጋር ባሕር ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ብቻውን የተመለሰው ያዮ «ባለ ነጠብጣቡ ዓሣ ከነነፍሱ ዋጠው» አለ፤ የዚያ ዓሣ አፍ ሲከፈት ሰው ተጋድሞ የሚገባበት ነውና የተጠራጠረ አልነበረም። ደርሳም ያን ዓሣ ሊገድል በአባቱ ስም ማለ። አራት ዓመት ጦሩን ሲስል አጎቱ አጠገቡ ተቀምጦ ያየው ነበር እንጂ አንድም ቀን «ተው» አላለውም ይባላል።

በአራተኛው ዓመት አንድ ማለዳ፣ ደርሳ ከወንድሙ ከኪሎይታ ጋር ባሕር ላይ ሳለ ባለ ነጠብጣቦቹ ዓሦች መጡ። አንደኛው ጭራውን ወደ ታች ዘቅዝቆ ውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመና አፉን ከፍቶ ድፍርሱን ይምግ ጀመር።

«ቅረብ» አለ ደርሳ።

«አትቸኩል፣ የጦሩ ገመድ አልተጠቀለለም» አለው ኪሎይታ።

ደርሳ ግን ወረወረ። ጦሩ በወፍራሙ ቆዳ ውስጥ ተሰካ፤ ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲወርድ ገመዱ እየተተረተረ የኪሎይታን ቁርጭምጭሚት ጠልፎ ባሕር ውስጥ ጎተተው። ደርሳ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ተከተለው፤ ጆሮው ሊፈነዳ እስኪደርስ ድረስ ጠልቆ ገመዱን ቆረጠ፤ ኪሎይታም ወደ ላይ ተንሳፈፈ።

ደርሳም ሊወጣ ዞር ሲል ሌላ ዓሣ አፉን ከፍቶ ከፊቱ ቆሞ ነበር። ከሚምገው ውኃ ጋር ተስቦ ክንዱ እስከ ትከሻው ገባ። «አባቴ በዚህ መንገድ ሄደ» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ዳሩ ግን የነካው ጥርስ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይተልቅ፣ ግራና ቀኙ ወንፊት የመሰለ ነበር፤ ጉሮሮውም ጭብጡን አላስገባ አለው። ዓሣው እንደሚያስል ሰው ውኃውን መልሶ ሲተፋ ደርሳንም አብሮ ተፋው።

ወንድሙን ተሸክሞ ከባሕር ሲወጣ ያዮ ዳር ቆሞ አገኘው። የኪሎይታ ቁርጭምጭሚት እስከ አጥንቱ ተገሽልጧል፤ ቢላዋው ገና በደርሳ እጅ ነበር።

«አጎቴ፣ የዚያ ዓሣ ጉሮሮ ጭብጤን አያስገባም» አለው። «አባቴ የት ነው?»



«ነፋሱ ሸራውን ሲያዞረው ወደቀ» አለ ያዮ። «ብመለስ ሁለታችንም እናልቃለን ብዬ ፈራሁ።»

«ጠርቶሃል?»

«ድምፁን እስከማልሰማው ድረስ።»

ደርሳ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ያዮም አልሸሸም። አሸዋው ላይ የተጋደመው ኪሎይታ ግን የወንድሙን ልብስ ጫፍ ያዘና «እኔንም ዛሬ ልትገድለኝ ነበር፤ ሳታጣራ» አለው። እንደሚነገረው ያ ቃል ከጎኑ እንደ ጦር ገባ። ደርሳ ቢላዋውን ጥሎ ተቀመጠና አለቀሰ።

«ምንም ያልበደለን ወጋሁ» አለ ሲነሣ። «አንተም ምንም ያልበደለን ከሰስህ። ከእንግዲህ እርሱ ሲመጣ ሁሉም እያዩህ ቀድመህ ጦርህን ታስቀምጣለህ፤ እኔም ቀጥሎ አስቀምጣለሁ።» ያዮ እስኪሞት እንዲሁ አደረገ፤ ኪሎይታም ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ ኖረ።

ዛሬም እንግዳው ሲመጣ ከሁሉ በፊት ጦሩን የሚያጋድመው ከያዮ ዘር የሆነ ሰው ነው፤ ከተማ ገብተው የኖሩት እንኳ ለዚያ ወራት ይመለሳሉ ይባላል። በዚያች ሰዓት በሌሎቹ ጀልባዎች ያሉት፣ ሰውየውን እንዳያሳፍሩት ፊታቸውን ወደ የብስ ያዞራሉ።