የጅብ ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሁለት ዓመት ተከታትሎ በቀረበት በአንድ የቆላ አገር፣ ከገደል ሥር የምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ነበረች። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ ነው። ከአባቱ የወረሰው አዋጅ ደግሞ እንዲህ ይል ነበር፦ «ያረጀ ሁሉ ከመንጋው በፊት ይጠጣ። ከምንጬ የጠጣ አረጋዊ እንግዳዬ ነው፤ እንግዳዬን የነካ እኔን ነካ።» አዋጁ ስለ ሀብታምና ስለ ድሃ ያነሣው ነገር አልነበረም። እርጅና እንደሆነ ከሩቅ ይታያል፤ መርማሪም አያሻውም።

ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ አረጋውያኑ ይሰለፋሉ። ከሁሉ ፊት አባ ዝሆን ይቆማል። ከእሱ ቀጥሎ አንድ እግሩ የታመመ ሽማግሌ ድኩላ፣ ከድኩላው ኋላ ቡሊት የምትባል አሮጊት አህያ፣ ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ። ቡሊት ዕድሜዋን ሙሉ እህልና ጨው ስትጭን ኖራ፣ ጀርባዋ ሲላጥና ጉልበቷ ሲከዳት፣ ነጋዴው ገመዷን ፈትቶ «ሂጂ እንግዲህ፣ እግዜር ያኑርሽ» ብሎ ሜዳ ላይ የለቀቃት ናት። ልጆቿ በየገበያው ተሸጠዋል፤ የት እንዳሉ አታውቅም። በዚህ ዓለም የቀራት ነገር ቢኖር ያቺ የጠዋት ውሃ ናት።

አባ ዝሆን ግን ችግረኛ አይደለም። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በእግሩና በኩምቢው የቆፈረው የራሱ ጉድጓድ አለው። ወደ ምንጯ የሚመጣው አንድ ጉንጭ ጠጥቶ ከእኩዮቹ ጋር ስለ ድሮ ዝናብ ለማውራት ነው። እሱ ከፊት ሲቆም በአካባቢው የሚያደባ አውሬ ሁሉ ገለል ይላል። ይህን ግን ያኔ ልብ ያለው አልነበረም።

ምንጯ እየቀጠነች ስትሄድ ቀበሮ ሸንጎ ፊት ቀረበ።

«ጃንሆይ» አለ እጅ ነሥቶ፣ «ውሃው አንሷል። ወጣቱ መንጋ ጭቃ እየላሰ ነው። አባ ዝሆን ግን ጓሮው ጉድጓድ እያለው ከፊት ተሰልፎ ይጠጣል። ያለውም የሌለውም እኩል ይጠጣ ማለት ፍርድ ነው? ውሃው ለተቸገረ አረጋዊ ብቻ ይሁን።»

ነገሩ እውነት ነበረበትና ሸንጎው አጉረመረመ። ቀበሮ ሲያታልል እንኳ ግማሹን እውነት ማድረግ ያውቅበታል። ከምንጯ የሚተርፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ የእሱን ደጃፍ እንደሚያጠጣ ግን ትንፍሽ አላለም።

አንበሳ ወደ አረጋውያኑ ዞረ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ቡሊት ጆሮዋን አቆመች። እውነቱን ለመናገር የቀበሮ ንግግር ደስ ብሏት ነበር። አባ ዝሆን በአንድ ጉንጭ የሚወስደው ውሃ ለእሷ የሦስት ቀን ነው። ይህን ከኋላ ቆማ ስንት ጠዋት በሆዷ ስታስበው ኖራለች።

«ያለው ቢቀርበት ምን ይጎዳል?» አለች። «ያለው ይቅር፤ የሌለው ይጠጣ።»

አባ ዝሆን ዞር ብሎ አያት። አልተቆጣም። «እውነቷን ነው፣ ጉድጓድ አለኝ» አለና ጆሮውን አርገብግቦ ወደ አሸዋው ወንዝ ወረደ።

«መልካም» አለ አንበሳ። «እንግዲህ ያለውን ከሌለው ማን ይለይልን?»

«ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አጥንት ማወቅም ይጠይቃል» አለ ቀበሮ።

ይህን ጊዜ ጅብ ከሸንጎው ጀርባ ብድግ አለ። «እኔ! እኔ አለሁ ጃንሆይ! ደመወዝም አልፈልግም!»

ደመወዝ የማይፈልግ ሹም ሲገኝ መጠርጠር ነበር። አንበሳ ግን ወጪ ሳያወጣ ሹም ማግኘቱ ደስ አለውና ጅብን መርማሪ አድርጎ ሾመው።

በማግስቱ ጠዋት ጅብ ከግራር ሥር ድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ አረጋውያኑን አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። ቀበሮ ሦስት ጥያቄ አስጠንቶታል። አንደኛው፣ ጥርስ አለህ ወይ? ጥርስ ያለው እርጥብ ሥር ነቅሎ ያኝካልና። ሁለተኛው፣ ዘመድ አለህ ወይ? ዘመድ ያለው ይጦራልና። ሦስተኛው፣ የት ታድራለህ? ከማደሪያው አጠገብ ውሃ መኖር አለመኖሩ እንዲታወቅ። ጥያቄዎቹ ውሃ ለሚያድል ሹም ተገቢ ነበሩ። ለጅብም ተገቢ ነበሩ።

መጀመሪያ ሽማግሌው ድኩላ ቀረበ። ይህ ድኩላ ዕድሜውን ሙሉ ጅብ ባየ ቁጥር የታመመ እግሩን እንደ ምንም ቀጥ አድርጎ ሲራመድ የኖረ ነው። ያን ቀን ግን ውሃ እንዳይከለከል ብሎ ከሕመሙ በላይ አነከሰ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» ይባላል፤ በዚያ ጠዋት ግን ያነከሰው ተነካሹ ነበር።

«ጥርስ አለዎት፣ አባቴ?» አለ ጅብ ማር በተቀባ ምላሱ።

«አንድም የለኝ።»

«ዘመድስ?»

«ማንም የለኝ፣ አያ ጅቦ። ብሞት እንኳ የሚቀብረኝ የለም።»

«ኧረ ስለ ቀብሩ አያስቡ» አለ ጅብ ምራቁን ዋጥ አድርጎ። «የት ነው የሚያድሩት?»

«ከደረቁ ሾላ ማዶ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ። ብቻዬን ነኝ።»

«ይገባዎታል! ውሃው ይገባዎታል!»

ድኩላው «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ሲያልፍ ወደ ቡሊት ጠጋ ብሎ «አትፍሪ፣ ደግ ነው» አላት።

ቡሊት ቀረበች።

«እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱ» አለ ጅብ።

መንጋጋዋ በራሱ ጊዜ ግጥም አለ። ቡሊት በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ተሸጣለች። ሦስቱንም ጊዜ፣ በአህያ ተራ መሐል፣ የማታውቀው እጅ ከንፈሯን ገልብጦ፣ ጣቱን ድዷ ላይ እያስኬደ ዕድሜዋን ሲቆጥርና በዋጋዋ ሲከራከር ቆማ ሰምታለች። ነጋዴው የለቀቃት ቀን ለራሷ አንዲት መሐላ ማለች፤ ከእንግዲህ አፌን ለማንም አልከፍትም ብላ።

«ጥርስ እንደሌለኝ ልንገርዎ እንጂ አላሳይም» አለች።

«ያላሳየ አለው ማለት ነው!» አለ ጅብ። ወዲያው ግን ከሽንጧ እስከ ታፋዋ አየት አደረጋትና ድምፁን አለሰለሰ። «እሺ ግድ የለም፣ ጥርሱን እንለፈው። ዘመድ አለዎት? ልጅ? ባል?»

«ባል እንኳ ነበረኝ፣ አሁን ግን…»

«ኧረ ቢኖርም ግድ የለም! የአህያ ባል እንደሆነ ከጅብ አያስጥ…» ብሎ ጅብ ምላሱን ነከሰ።

ቡሊት ቀና ብላ አየችው። ከአፉ ጥግ ምራቅ ተንጠልጥሏል። ወደ ኋላ ዞራ ሰልፉን ቃኘች። በአገሩ ያለ ዕውር፣ አንካሳ፣ ጧሪ ያጣ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ተሰብስቧል፤ ጉልበት ያለው አንድም የለበትም። አባ ዝሆን ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ይቅር ያለችው ደግሞ እሷው ራሷ ናት።

«የት ነው የሚያድሩት፣ እናቴ?» አለ ጅብ።

«ከልጆቼ ጋር» አለች ቡሊት። «አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ሁሉም ተራጋጮች ናቸው፤ እንቅልፍም የላቸው።»

የጅብ ፊት ጠቆረ። «እንግዲያማ ሀብታም ነዎት! ውሃ አይገባዎትም። ቀጣይ!»

ቡሊት ውሃዋን አጥታ፣ ነፍሷን ይዛ ሄደች። በመንገድ ላይ ድኩላውን አግኝታ ማደሪያውን እንዲቀይር ለመነችው። እሱ ግን ሣቀባት። «ስለተከለከልሽ ነው እንዲህ የምትዪው፣ ቡሊት። ሹመት እኮ ያርማል» አላት።

ድኩላው ሁለት ጠዋት ጠጣ። በሦስተኛው ቀን አልመጣም። ከዚያ ዕውሩ ከርከሮ ቀረ፤ ከእሱ በኋላም አሮጊቷ ሚዳቋ። ሳምንት ሳይሞላ ሰልፉ ግማሽ ሆነ። ጅብም ከመወፈሩ የተነሣ ከድንጋዩ ላይ ለመነሣት ማቃሰት ጀመረ። ቀበሮ ደግሞ በየዕለቱ ደጃፉ ላይ በሚተርፈው ውሃ ፊቱን እየታጠበ ወደ ቤተ መንግሥት ይወጣል።

«ምሥራች፣ ጃንሆይ!» አለ አንድ ቀን። «በአንድ ሳምንት የችግረኛው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ!»

አንበሳ ከደስታው ብዛት አገሳ።

ቡሊት በበኩሏ ሰልፉን ከሩቅ እያየች ሳምንቱን ሙሉ ከቁልቋል ላይ ጤዛ ላሰች። በስምንተኛው ቀን እግሯ፣ ልቧ እንቢ እያለ፣ ወደ አሸዋው ወንዝ ወሰዳት። አባ ዝሆን ጉድጓዱ ዳር ቆሟል። ከፊቱ ደርሳ አንገቷን ደፋች። ውሃ መለመን አይደለም ያቃታት፤ «ያለው ይቅር» ያለው አፍ ምን ብሎ ይለምን?

«ጠጪ» አላት ሳትጠይቀው።

ጠጣች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ እኮ ነኝ ያስቀረሁዎት፣ አባ ዝሆን» አለች።

«ተዪው እሱን። ጉድጓዱም እንዳለኝ እውነት ነው። ይልቅ ድኩላው ደህና ነው? እግሩን እንዴት አደረገው?»

ይህን ጊዜ ቡሊት አለቀሰች። እያለቀሰችም የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አባ ዝሆን አሸዋውን በእግሩ ጫረ። ከዚያ ኩምቢውን አነሣና «ነይ» አላት።

ሸንጎው እንደተሰየመ ደረሱ።

«አንቺ ደግሞ ምን ጎደለብሽ?» አለ አንበሳ። «የችግረኛው ቁጥር ቀንሷል ሲሉኝ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጃንሆይ» አለች ቡሊት። «ችግረኛው ቀንሷል። የት እንደገባ መርማሪዎን ይጠይቁልኝ።»

ቀበሮ ፈጠን ብሎ ጣልቃ ገባ። «የእሷን ቃል አይቀበሉ! በገዛ አፏ አሥራ ሁለት ልጆች አሉኝ ብላለች። ጥርሷንም አላሳይም ብላ መርማሪውን አዋርዳለች።»

«አሳያለሁ» አለች ቡሊት።

በሸንጎው መሐል ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን በሰፊው ከፈተች። ድዷ ባዶ ነበር። መጨረሻው ጥግ ላይ የተቀመጠው አውሬ አይቶ እስኪያበቃ ድረስ አልዘጋችውም።

«እኔ አሳየሁ» አለች። «አሁን ደግሞ መርማሪው ያሳይ።»

ጅብ መቼም ጅብ ነው፤ ነገሩ የጥርስ ውድድር መሰለው። «የእኔማ ሙሉ ነው! አንድም አልጎደለ!» ብሎ እስከ ጉሮሮው በረገደው። ከፊት ጥርሶቹ መሐል ነጭ ነጠብጣብ ያለው የድኩላ ጠጉር ተሰክቷል። ከመንጋጋው ጥግ ደግሞ የከርከሮ ጋማ ይታያል።

አንበሳ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ከምንጬ የጠጣ እንግዳዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ጅብ አፉን እንኳ ሳይዘጋ ፈረጠጠ። ከዚያ አገር እንደወጣ አልተመለሰም፤ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚያም መርማሪ ሳያደርጉት አልቀሩም። ቀበሮ «እኔ ሐሳብ አመጣሁ እንጂ ማንንም አልበላሁ» አለ። እሱም እውነት ነበር።

አንበሳ ግን በቦታው ቆሞ ያስብ ነበር። «ውሃው ዛሬም ያው ነው» አለ። «ያለውም የሌለውም ይጠጣ ብል መንጋው ይጠማል። ለተቸገረው ብቻ ብል ያየነው ሆነ። ምን ላድርግ?»

«ጃንሆይ» አለ አባ ዝሆን፣ «እንደ ጥንቱ ያረጀ ሁሉ ይሰለፍ። ማንም አፍህን ክፈት አይባል። እኔም ከፊት ቆሜ እንደ እኩዮቼ አንድ ጉንጭ ልጠጣ። ስጨርስ ከጉድጓዴ ሁለት ኩምቢ ሙሉ ቀድቼ ምንጯ ውስጥ እጨምራለሁ። ካለኝ ከእኔ ይውሰዱ፤ የሌለውን ግን ‹የለኝም› አያሰኙት።»

አንበሳ የአባቱን አዋጅ መለሰ፤ የአባ ዝሆንንም ቃል ከአዋጁ ሥር አስጨመረበት። መንጋውም ከጭቃው በላይ ውሃ አገኘ። የቀበሮ ደጃፍ ብቻ ደረቀ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አረጋውያኑ፣ የተረፉት፣ እንደ ድሯቸው ተሰለፉ። አባ ዝሆን ከፊት ቆመ። ቡሊት ግን ተከትላው አልተጠጋችም፤ በመካከላቸው የአንድ ድኩላ ያህል ቦታ ትታ ቆመች።

«ጠጋ በይ እንጂ፣ ቡሊት» አሏት ከኋላዋ ያሉት።

«ሰው አለው» አለች።

ከዚህ የምንማረው ያለውን ከሌለው እንለይ ብለን ስንነሣ፣ ደካማው ድካሙን ለማን እንደሚያሳይ አስቀድመን ካልጠየቅን፣ የምናተርፈው ውሃውን እንጂ ጠጪውን አለመሆኑን ነው።