የተመረገው ባልዲ

አንድ በሰው አገር የሚኖር የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ ስሙም ድንበሩ ይባላል። የሚኖርበት አገር ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ የቢራው ዋጋ ደግሞ ያቃጥላል። ባለቤቱ አስካል የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጅ፣ በተገላገለች በሦስተኛው ሳምንት የአስካል ታላቅ ወንድም ይርዳው ከአገር ቤት ደወለለትና አባታቸው ማረፋቸውን ነገረው።

«አደራህን፣ እንዳትሰማ» አለው። «አራስ ናት። ደንግጣ ወተቷ ቢነጥፍ ሕፃኗ ምን ልትሆን ነው? ክርስትናው ይለፍና ሰብሰብ ብላችሁ ታረዷታላችሁ።»

ድንበሩ «እሺ» አለ። የሚስቱን አባት እንደ ወላጅ ይወዳቸው ነበር። ሲሸኙት «ልጄን ስትወስዳት ሳቋንም አብረህ ውሰድ፤ እዚህ ትተኸው እንዳትሄድ» ያሉት ሰው ናቸው። ለእሳቸው አንዲት ዘለላ ዕንባ እንኳ ሳያፈስ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ቤት ገባና «ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር» አላት።

ክርስትና ያለ መጠጥ አይሆንም። በዚያ አገር ጌሾ የለም፣ የሱቁ ቢራ ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ ድንበሩ ቢራ እቤት ለሚጠምቁ ሰዎች ዕቃ ወደሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ሄደ። ገና እንደገባ ዓይኑ በሚያብረቀርቅ የብረት በርሜል ላይ አረፈ።

«እሱ ለማየት ነው» አሉት ሽማግሌው። «ቢራ በየትኛውም ባልዲ ይፈላል። ሬስቶራንት ሄደህ የወይራ ፍሬ የመጣበትን ባዶ ባልዲ ለምናቸው፣ ይሰጡሃል። ጠርሙሱን ጎረቤቶችህ ያጠራቅሙልሃል። ከእኔ በቆርቆሮ ያለውን የብቅል ጭማቂና እርሾውን ብቻ ውሰድ። ይህችንም ጨምር።»

ይህችን ያሏት ጣት የምታክል ጠማማ የፕላስቲክ ቱቦ ነበረች።

«እሷ ደግሞ ምን ታደርጋለች?»

«ታስተነፍሳለች።»

ድንበሩ ፈገግ አለ። «አባባ፣ እናቴ ሠላሳ ዓመት ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ በጭቃ መርጋ ነው። እኛ አፍ መዝጋት እናውቅበታለን።» ቱቦዋን መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጣት። ሽማግሌው ሊመልሱለት ሲሉ ሌላ ደንበኛ ገባ፤ እሱም በርካሽ ተገላገልኩ ብሎ ደስ እያለው ወጣ።

እቤቱ ከሬስቶራንት ለምኖ ባመጣው የፕላስቲክ ባልዲ ጭማቂውን በጠበጠ፣ እርሾውን ነሰነሰ። በበረዶ አገር ጭቃ ከየት ይመጣል? ዱቄት አቦካና የባልዲውን ክዳን ዙሪያውን በሊጥ መረገው፣ በገመድም ጠፈረው። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማሞቂያው አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን ከተተው። ከዚያ ጠዋትና ማታ እየሄደ ብርድ ልብሱን ያስተካክላል። አስካል «እኔን ስታርስ እንዲህ አልተንከባከብከኝም» እያለች ታሾፍበት ነበር።

እንዲህ ትቀልድ እንጂ በእነዚያ ቀናት ሻወር ቤት ገብታ ትቆያለች። ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ ይሰማዋል። አራስ ናት፣ ሙቅ ውሃ ይስማማታል ብሎ አለፈው።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ምሳ ቀርበው ሳለ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ጮኸ። ድንበሩ ሮጦ ከፈተው። ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ አረፋው ጣሪያውን መቷል፣ ካፖርቱ ሁሉ ርሷል። ለሕፃኗ የተገዛችው ነጭ የክርስትና ቀሚስም ከተሰቀለችበት ቡናማ ውሃ ታንጠባጥባለች። ድንበሩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ቀሚሷን ይዞ አረፋው ላይ ቁጭ አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ።

አስካል ልጇን አስተኝታ መጣችና ከላይ ቆማ አየችው።

«ድንበሩ፣ ለቢራ ነው?»

«ለቢራ ነው።»

«ለቢራ እንዲህ አይለቀስም» አለችና እርጥቡ ወለል ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። «ለአባባ ነው፣ አይደል?»

ቀና ብሎ አያት። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ይርዳው ጋ ስደውል አባባ ተኝቷል አለኝ። በማግስቱም ተኝቷል አለኝ። በሦስተኛው ቀን እንግዲህ አትቀስቅሱት አልኩት።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለልጅህ ክርስትና ባልዲ ታቅፈህ ስትሯሯጥ እያየሁ? ደስታህን ላበላሸው?»

ያን ጊዜ ድንበሩ የሻወሩ ውሃ ለምን እንደዚያ ይፈስ እንደነበር ገባው። ወተቷም አልነጠፈም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ አባት ለየብቻቸው ሲያዝኑ አንድ ወር ሊሞላቸው ነበር። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከሰዓት በኋላ በከተማው ያሉት ጥቂት የአገር ልጆች ተጠርተው መጡ፤ በሊጥና በአረፋ መካከል ለቅሶ ተቀመጡ።

በሳምንቱ ድንበሩ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሽማግሌው ፊቱን ሲያዩ ሳይጠይቁት ቱቦዋን አወረዱለት።

«የእናትህ ጋን ሸክላ ነው» አሉት። «ሸክላና ጭቃ ሳታየው ቀስ እያለ ያስተነፍሳል። አንተ የመረግከው ፕላስቲክ ነው።»

«ክዳኑን ከፍቼ ብተወውስ?»

«ይኮመጥጣል፣ ዝንብም ይገባበታል። እዚህች ቱቦ እጥፋት ላይ ጥቂት ውሃ ታደርጋለህ። የውስጡ ይወጣል፣ የውጪው አይገባም። የፈላ ነገር ከዚህ የበለጠ አይፈልግም።»

ሁለተኛው ባልዲ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሰነበተ። ባልና ሚስት እሱን እየሰሙ ስለ አባባ ያወሩ ነበር፤ እንዴት እንደሚስቁ፣ እንዴት እንደሚቆጡ። ክርስትናው በቀኑ ደረሰ። ቢራው እንደ ጠላ ባይሆንም እንግዳው ሁሉ ደገመ። የሕፃኗ ቀሚስ ታጥባ ብትነጣም ጫፏ ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ ቀርታለች፤ አስካልም እንዳትለቅ ብላ ተወቻት።

ወዳጆቼ፣ ሐዘንን ለሁሉ ሰው መክፈት ያኮመጥጠዋል፤ ጥርቅም አድርጎ መምረግ ደግሞ ያፈነዳዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሰው አንዲት ጠባብ መተንፈሻ፣ አንድ የሚያምነው ሰው ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የምንደብቀው ለምንወደው ሰው አዝነን ነው፤ ድንበሩም አስካልም እንዲህ አድርገዋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ከእናንተ ጋር ማዕድ የሚቀርበው ሰው፣ እናንተ ለእሱ ብላችሁ የደበቃችሁትን ያንኑ ነገር፣ ለእናንተ ብሎ ደብቆት ቢሆንስ?