የጉረኛዋ ምራት የጾም ቂጣ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ።

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ዛሬ ላሚቱን በበረቷ ተዉአት። ተረቴ የጾም ነው፤ ወተትም እንቁላልም አይገባበትም።

በድሮ ዘመን አንዲት ጉረኛ ምራት ነበረች። ሰው ሳይጠይቃት ሙያዋን ታወራለች። ስሟን ግን አትጠይቁኝ። ምን ያስቃችኋል? እሺ፣ እኔው ነኝ፣ አያታችሁ ደብሪቱ። ያኔ ጥርሴም ሙሉ ነበር፣ ጉራዬም ሙሉ ነበር።

አማቴ እማማ የውብዳር በሁዳዴ ጾም ታመሙ። ጥርስ የላቸውም፣ ድዳቸውም አብጧል። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። አጥሚት ብሰጣቸው፦ «አፌን መረረኝ» አሉና መለሱት። እንቁላል ብናነሳላቸው፦ «በጾሜ? ከዚያስ ሞቴ ይሻላል!» አሉ።

ባሌ እናቱን አይቶ እንባው መጣ። እንዲህም አለኝ፦ «ደብሪቱ፣ እባክሽ የሆነ ለስላሳ ነገር አድርጊላት። እናቴ ልታመልጠኝ ነው።»

እኔም፦ «በፍስክ በእንቁላልና በወተት የምጋግረውን ስስ ቂጣ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት እጋግርላቸዋለሁ» አልኩ። እናንተ ፓንኬክ የምትሉትን ማለቴ ነው። ባሌም አምኖኝ ወደ እርሻው ሄደ። ምስኪን!

ሱፉን ወቀጥኩና በውሃ አሽቼ አጠለልኩት። ወተት መሰለ። የስንዴ ዱቄት በጠበጥኩበት። በእንቁላሉ ፋንታ የተፈጨ ተልባ ጨመርኩና ሊጡ ተያያዘልኝ። እስኪ ማን እንደኔ!

ምጣዱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ሁዳዴ ሲገባ ዕቃ ሁሉ በአመድ ይታጠባል፣ የቅቤ ሽታ እንዳይቀርበት። ሰው ሁሉ በአመድ ያጥባል። እኔ ግን ከሰው በልጬ ልጹም ብዬ ምጣዱን በአሸዋ ፈትጌው ነበር። ለዓመታት የጠጣውን ዘይት ሁሉ አወጣሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ?

የመጀመሪያውን ቂጣ አፈሰስኩ። ተጣበቀ። ፋቅኩትና ፍርፋሪ ሆነ። ሁለተኛውም ተጣበቀ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

እማማ ከመደቡ ላይ ሆነው፦ «ልጄ፣ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስሽው?» አሉኝ።

እኔም፦ «እማማ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይረፉ። ለኔ ደግሞ ስለ ምጣድ ይነገረኛል?» አልኩ።

የተበላሸውን ሁሉ ገበቴ ውስጥ እየጨመርኩ፣ ጎረቤት እንዳያይብኝ ከመደቡ ሥር፣ ከእጃቸው አጠገብ በጨርቅ ሸፈንኩት። ለዶሮዎቹ ልሰጠው አስቤ ነበር። ጋገርኩ፣ ፋቅኩ፣ ሸሸግኩ። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። ሊጡም ሊያልቅ ሆነ።

ከዚያም ባሌ የሚመለስበት ሰዓት ደረሰና ፈራሁ። ጉራዬን ዋጥኩና፦ «እማማ፣ ጎመን ዘሩ የት ነው ያለው?» አልኩ።

እሳቸውም፦ «ከጓዳ፣ ከትንሿ ቅል ውስጥ» አሉ። ፊታቸው ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ጎመን ዘሩን ወቀጥኩና ምጣዱን ደጋግሜ አሰስኩት። የመጨረሻዋን ሊጥ አፈሰስኩ። አቤት! እንደ ጨረቃ ክብ፣ ሳትቀደድ ተነሳች። በሰፌድ አድርጌ እየተንጎራደድኩ ወሰድኩላቸው።

እሳቸው ግን፦ «ጠግቤያለሁ ልጄ» አሉኝ።

ሁለት ቀን ያልበላ ሰው ጠገብኩ ሲል የሞት ነው ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

እሳቸውም፦ «ኧረ አታሟርቺብኝ! ገበቴውን ግለጪው» አሉ።

ጨርቁን ገለጥኩት። ባዶ ነው። ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል።

እማማም፦ «ፍርፋሪው ለድዴ እንዴት እንደተስማማኝ! ደህና ቂጣ እንዳትጋግሪብኝ ስጸልይ ነበር። ጎመን ዘሩን ስትጠይቂኝማ፣ በቃ ምሳዬ ቀረ አልኩ። ያቺን ያማረችዋን አንቺ ብዪያት፣ ጥርስ አለሽ» አሉኝ።

አፈርኩ። ደስታዬ ግን ከእፍረቴ በለጠ፣ ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። ከዚያም እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ ቂጣ አበላሺ ተብዬ ታዘዝኩ። እማማም ለፋሲካ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔም ያን ያህል የተመሰገንኩበት ሙያ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ያረረም ቢሆን አልመርጥም፤ ብቻ ጠርዙን ለራሳችሁ አስቀሩት።