በጆሮ የተወተፈ ባዘቶ

አንድ የዜማ መምህር ነበሩ። ስማቸው የኔታ ቢምረው ይባላል። እኔም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን የማወጋችሁ ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ነው። በጆሮዬ ሰማሁ ለማለት እንኳ ያሳፍረኛል፤ ለምን እንደሚያሳፍረኝ ወደ በኋላ ይገባችኋል።

አገሩን ገደል ለሁለት ከፍሎታል። ከገደሉ ወዲህ አንድ ሚካኤል አለ፣ ከገደሉ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሚካኤል። ገደሉ ጠባብ ስለሆነ ሰው ማዶ ለማዶ ተጠራርቶ ያወራል፤ ለመሻገር ግን ወንዙ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት ስላለበት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቱም ደብር የዜማ ጉባኤ ቤት ነበረው። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ቃሉም አንድ ነው፣ ንግሡም በአንድ ቀን፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው። የሚለየው የዜማው አካሄድ ብቻ ነው። እኛ ከፍ የምናደርገውን እነሱ ዝቅ ያደርጉታል፣ እኛ የምናስረዝመውን እነሱ ያሳጥሩታል። በቃ፣ ጠቡ ይኸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን ማንም አይስቅም።

የኔታ ደግ ሰው ነበሩ። ተማሪ ሲታመም ከምንጭ ውኃ ቀድተው የሚያጠጡ፣ ያላቸውን ጋቢ አልብሰው እሳቸው በነጠላ የሚያድሩ ሰው ናቸው። ወሬው ወደ ማዶው ዜማ ከዞረ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። «አንዲት ጠብታ ከዚያ ከገባችብን ዜማችን ተበላሸ ማለት ነው» ይሉናል። በንግሡ ቀን ከማዶ የሚመጣው ድምፅ እንዳይደባለቅብንም አንድ ሥርዓት አበጅተው ነበር። ታቦቱ ሊወጣ ሲል እንሰለፍና ባለቤታቸው እመት አትጠገብ ለመፍተል ካዘጋጁት ባዘቶ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ይሰጡናል። ያንን በሁለቱም ጆሯችን እንወትፋለን። የኔታም ይወትፋሉ።

እመት አትጠገብ ታዲያ ዝም ብለው አይሰጡም። «እንዲያው ለአንድ ነጠላ የሚበቃ ጥጥ በየዓመቱ በእናንተ ጆሮ ይለቅ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። የኔታም ፈገግ ብለው ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ያ ባዘቶ ከእጃቸው ሲወጣ የነበረው ልስላሴ እስከ ዛሬ ጣቶቼ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እንዴት ታመሰግኑ ነበር ትሉኝ ይሆናል። የኔታን መቋሚያ እያየን ነዋ። መቋሚያው ሲነሳ እናነሳለን፣ ሲወርድ እናወርዳለን፣ ከበሮውም ደረታችንን ሲመታው ይታወቀናል። ደስም ይለን ነበር፣ አልዋሽም።

የንግሡ ትልቅ ሰዓት ግን ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ የኔታ ለብቻቸው የሚያዜሙት አንድ ምስጋና ነበር። ዜማው ከመምህራቸው የወረሱት ነው፣ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። መምህራቸው ሊያርፉ ሲሉ እጃቸውን ይዘው «አደራ፣ ይህ ዜማ በአንተ እጅ እንዳይሞት» ብለዋቸዋል። የኔታም ትምህርቱን ፈጽሞ ለሚገባው አንድ ተማሪ ሊያስረክቡት ቃል ገብተው ነበር። እኛ ስንጠይቃቸው ግን መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ገና ነህ።»

አንድ ዓመት መስከረም ላይ የኔታ ለዘመድ ለቅሶ ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ጥቅምት እስኪያልቅ ተኙ። ሲነሱ መልካቸው ገርጥቷል እንጂ ደኅና ነበሩ። ስማችንን አልረሱም፣ መጽሐፉን አልረሱም። ወይራው ሥር ተቀምጠው ያንን የአደራ ዜማ ሊያነሱ ሲሉ ግን አልመጣላቸውም። ቃሉ አለ፣ ዜማው የለም። ደጋግመው ሞከሩ፣ እየተቆረጠ ቀረ። መጽሐፉን አስመጡ፤ ክረምት ያፈሰሰው ጣራ ያ ምስጋና ያለበትን ቅጠል አርሶት የዜማው ምልክት ታጥቦ ሄዷል። ንግሡ ሊደርስ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ሁላችንንም ሰበሰቡን። ዐሥራ ዘጠኝ ነበርን።

«ከእናንተ መካከል የያዘው ማነው?» አሉ።

የኔታ ከሁላችን ወደሚበልጠው ወደ መርሻ ዞሩ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ ቆመህ የለም እንዴ? እንዴት ጥቂቱ እንኳ አልያዘህም?»

መርሻ አንገቱን ደፋ። «ቆሜያለሁ የኔታ» አለ። «ግን ጆሮዬ ላይ ባዘቶ ነበር።»

የኔታ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኛም እዚያው እንደተቀመጥን ቀረን። የሌላውን እንዳንሰማ ብለን የገዛ መምህራችንን ሳንሰማቸው መኖራችንን ያን ቀን አወቅን።

የኔታ እህል አልቀምስ አሉ። በማግስቱ እመት አትጠገብ እንዝርታቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምተናል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጆሯችን ደግ ሠራ።

«ማዶ ይሻገሩ» አሉ እመት አትጠገብ።

«ማዶ ምን ልሠራ?»

«ዜማው ያለው እዚያ ነዋ። የዚያው መምህር መሪጌታ ስመኘው ይዞታል።»

«ማን ሰጠው?» የኔታ ቀና አሉ። «ደግሞስ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ጆሮዬን ማን ደፈነብኝ? እናንተ ጥጥ ወትፋችሁ በምታዜሙበት ሰዓት እነሱ የራሳቸውን ምስጋና አቁመው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው፣ ጸጥ ብለው ያደምጡዎታል። ሃያ ዓመት አይቻቸዋለሁ። ንግሡ ባለፈ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ዜማ እዚያ ማዶ ሲያጠኑት እሰማለሁ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ሁለቴ። ‹አንቺ ፍተዪ› አሉኝ።»

የኔታ አራት ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መቋሚያቸውን ጠየቁ። ከወባው ገና ስላላገገሙ መርሻና እኔ ግራና ቀኝ ደገፍናቸው። ያኔ ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት ያለፈን ጢማሞች ነበርን፤ ቁልቁለቱ ግን እንደ ሕፃን አስለቀሰን። የኔታ መንገዱን ሙሉ ለመሪጌታ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ እንሰማለን። ስለ አባቶች፣ ስለ ጥንት ወግ፣ ስለ ክብር የተሳካ ንግግር ነበር።

መሪጌታ ስመኘው ዋርካ ሥር ተማሪዎቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከየኔታ በዕድሜ ያንሳሉ። የኔታን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሮጠው መጡ። የኔታ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ጠፋቸው።

«ተማሪ ልሆን መጣሁ» አሉ።

«የኔታ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አሉ መሪጌታ።

ውኃ ቀረበ፣ እግር ታጠበ፣ ነገሩ ተነገረ። መሪጌታ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ተማሪዎቻቸውን አስነሥተው መቋሚያቸውን ያዙና ጀመሩ። እውነቴን ነው፣ አካሄዱ የእኛው ነው። የእኛ ከፍታ፣ የእኛ ርዝመት። ከራሳቸው ምንም አልቀላቀሉበትም። የኔታ ገና ከመጀመሩ «የመምህሬ ድምፅ» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

መካከሉ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። መቋሚያቸውን እንደያዙ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ካቆሙበት አልፈው ቀጠሉና ጨረሱት።

«ምነው ዘለላችሁት?» አሉ የኔታ።

«አልዘለልነውም» አሉ መሪጌታ። «እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ የእናንተ ሴቶች እልል ይላሉ። የእርስዎ ድምፅ በእልልታው ይዋጥብናል። ይኸው ሃያ ዓመት ሰምተናት አናውቅም።»

«ታዲያ የመሰላችሁን አታገቡባትም ነበር?»

«ያልሰማነውን ሞልተን የእርስዎ ነው ብንል ውሸት ይሆንብናል። ስለዚህ ለሚያውቃት ሰው ክፍት ትተንለት ነበር። አንድ ቀን ይመጣል ብለን።»

የኔታ «እስቲ እንደገና በሉልኝ» አሉ። እንደገና ጀመሩ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የየኔታ አፍ ተከፈተ። ያቺ የጠፋች ክፍል ሳትደናቀፍ መጣች፤ ከሁላችንም ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። መሪጌታ ስመኘው ሃያ ዓመት የጠበቋትን ሲሰሙ መጥተው ከየኔታ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያለቅሱ እኛ የምንገባበት ጠፋን።

ሦስት ቀን እዚያ ሰነበትን። የኔታ በእነዚያ ቀናት የማዶውን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደመጡ። ስንመለስ ወንዙ ዳር ዐረፍ አሉና እንዲህ አሉን፦ «ይህ ሁሉ ምስጋና ማዶ ሲቀርብ ኖሯል። እኔ እግዚአብሔርን የማገለግል መስሎኝ በእኔ ልክ አጥብቤው ኖርኩ።»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እመት አትጠገብ እንደ ወጉ ባዘቶውን በሰፌድ ይዘው መጡ። የኔታ ሰፌዱን አይተው «ፍተዪው» አሉ። ሴቶቹንም ቀርበው ለመኗቸው፦ «እናቶቼ፣ ዘንድሮ እልልታውን ጥቂት አቆዩልኝ። ማዶ የሚሰማን ሰው አለ።»

ታቦቱ ወጥቶ ቆመ። የኔታ ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ግቢ ሰማኋቸው። ድምፃቸው አርጅቷል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እንዴት ያለ ዜማ ነበር! ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ጠበቁ። የኔታ ሲጨርሱ ከማዶ ያው ዜማ ሙሉ ሆኖ፣ ያቺ ክፍት ቦታ ተሞልታ፣ ገደሉን ተሻግሮ መጣ። እልልታውም ያኔ ከወዲህም ከወዲያም ተነሣ።

የኔታ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ነው የኖሩት። ዜማውን ለዐሥራ ዘጠኛችንም አስተማሩን። «ገና ነህ» ማለቱን ተዉት። ሰው ሊቅነታቸውን ሲያወድስ ደግሞ «ገና ነኝ» ይሉ ነበር። እመት አትጠገብ በዚያ ባዘቶ ነጠላ አሠርተው በየኅዳሩ ይለብሱት ነበር። ዛሬ ሁሉም አልፈዋል፣ መርሻም የለም። ኅዳር በመጣ ቁጥር አብሬያቸው ቆሜ ያልሰማኋቸው እነዚያ ሁሉ ዓመታት ይቆጩኛል።

ልቡን የሚዘጋ ሰው የሚቀርበት የሌላው ብቻ ይመስለዋል። ጆሮ ግን ለአንዱ ተዘግቶ ለሌላው አይከፈትም፤ የራሱም አብሮ ይቀርበታል። በመንፈስ ያደገ ሰው ያየሁት ማዶ ነው፤ ያልሰማውን ሰማሁ አላለም፣ ለሚያውቀው ሰው ቦታ ትቶ ጠበቀ። የእኛ የኔታ እዚያ የደረሱት በስተርጅና፣ ያውም የሚወዱትን ካጡ በኋላ ነው። እኛ ግን እስክናጣ መጠበቅ የለብንም።

እስቲ እናንተም ጆሯችሁን ዳሰስ አድርጉት። የወተፋችሁበት ምንድን ነው? ደግሞስ በዚህ ሰዓት ማዶ ቆሞ፣ የእናንተን ዜማ ይዞ የሚጠብቃችሁ ማን ይሆን?