በነጠላው ላይ የተነሣው ሞገድ

ወንፊት ማለት ዱቄቱን አሳልፎ ግርዱን የሚያስቀር፣ ክሮቹ እኩል እኩል የተሰደሩ፣ ከአካሉ ቀዳዳው የሚበዛ የቤት ዕቃ ነው። ለዚህ ታሪክ ሁለት ያስፈልጉናል።

አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። በችሎት ዘመናቸው ቃል አለስልሰው አያውቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ ያረፉ ዕለትም፣ ሌላ ከተማ ለምትሠራው ለአንድ ልጃቸው ለትርሲት ራሳቸው ደወሉ። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ እንደሚነገር ያውቃሉ። ነገር ግን እውነትን ማዘግየት እንደ መዋሸት ሆነባቸው። «እናትሽ ሞታለች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አሏት። ትርሲት በዚያች ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነበር። ደግፎ የሚይዛት ሰው አልነበረም። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና፣ ከቀብር መልስ «ሁለተኛ ቤትዎን አልረግጥም» አለች፤ አልረገጠችም።

አርባው ሲቃረብ ዳኛው የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ እቤታቸው በራሳቸው ፕሪንተር ሊያትሙ ተነሡ። ፎቶ ቤት መውሰድ አልፈለጉም፤ ፎቶ ቤቶች ሟችን ያቀላሉ፣ የፊቱንም መሥመር ያጠፋሉ። ያላቸው ጥሩ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ወይዘሮ አጸደ ስስ ነጠላ ለብሰው የተነሡት። ሲታተም ግን ነጠላው ላይ ቀይና አረንጓዴ ሞገድ ተነሣ። ሟቿ ጎርፍ የወሰዳቸው መሰሉ።

ዳኛው ምርመራ ከፈቱ። ካሜራው በሌላው ፎቶ ሁሉ ንጹሕ ነው። ፕሪንተሩም እንዲሁ። ነጠላውን ከሣጥን አውጥተው በብርሃን አዩት፤ እንከን የለበትም። ሦስቱንም በነጻ አሰናበቱ። ጥፋቱ ግን እዚያው ነበር። ፎቶውን በኮምፒውተር ይበልጥ ጥርት አደረጉት፤ ባሰበት።

በተዝካሩ ዋዜማ ትርሲት ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመውን ፎቶ ልትወስድ መጣችና ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ። ደጅ የሚቆም ባለጉዳይ ነው» አሉ ዳኛው።

«ቃሌን ያውቁታል፣ አባባ። ፎቶውን ይስጡኝና ልሂድ።»

«ምን ፎቶ አለ ብለሽ!» የተበላሸውን ወረቀት አቀበሏት።

ትርሲት ትኩር ብላ አየችው። «የእማዬ ወንፊት!» አለች።

«የምን ወንፊት?»

«ልጅ ሳለሁ ሁለቱን ደራርባ በመስኮት ታሳየኝ አልነበር? ውሃ ይሠራል። አንዱን ሲያነሡት ውሃ የለም።»

ቃሏን ረስታው ይሁን ትታው እንጃ፣ ደጃፉን አልፋ ማድ ቤት ገባች። ዳኛው ተከተሏት። ወንፊቶቹን ከተሰቀሉበት አውርዳ፣ ደራርባ ወደ መስኮቱ ያዘቻቸው። ሞገዱ ተንቀሳቀሰ።

«የነጠላው ክር አንድ ወንፊት ነው። ፕሪንተሩ የሚጥለው ነጠብጣብም ሌላ ወንፊት ነው። ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ጥፋተኛ የለም» አለች።

«ጥፋተኛ ከሌለ ፍርዱ ምንድን ነው?»

«አንዱ ዘንበል ይበላ።» የላይኛውን በጥቂቱ አዞረችው። ሞገዱ ደቀቀ፣ ደቀቀና ጠፋ።

«የትኛው?» አሉ ዳኛው።

«የትኛውም ቢሆን። አንዱ ከጀመረ ይበቃል።»

ዳኛው በርጩማ ስበው «ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ። ድምፃቸው ችሎት የሚያውቀው አልነበረም። አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ። «እናትሽ ደክማ ነበር። በጣም ነው የደከመችው። ልናቆያት ሞከርን... አርፋለች፣ ልጄ።»

ትርሲት ገና አሁን እንደተረዳች ሰው አለቀሰች። በዚህ ጊዜ የሚይዛት ሰው ነበረ። ሲበቃት ተነሥታ ፎቶውን በጥቂቱ ዘንበል አድርጋ አተመችው። ሞገዱ አልተነሣም፤ የእናቷም የፊት መሥመር አልጠፋም።

በሁለት ቀጥተኛ ሰዎች መካከል ጠማማ ነገር ሲነሣ፣ ጠማማውን ሰው ስንፈልግ ዕድሜያችን ያልቃል። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ያለው ሁለት ቅን ሰው ነው፣ ሁለቱም ንቅንቅ የማይሉ። ዘንበል ማለት እውነትን መካድ አይደለም፤ እውነቱ ሰው ላይ እንዳይወድቅ አስተካክሎ መያዝ ነው። እናንተስ ካኮረፋችሁት ሰው ጋር፣ የትኛችሁ እስኪጀምር ነው የምትጠብቁት?

ፎቶግራፉ ዛሬም ከዳኛው ሳሎን ተሰቅሏል። ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው፤ ወይዘሮ አጸደ ግን ሰው እንደሚያዳምጡ በጥቂቱ አዘንብለዋል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሊያቃናው ይነሣል። ዳኛው «ተወው፣ ተቃንቷል» ይላሉ።