አመዶ ለማን ብሎ ዳገት ወጣ?

እስቲ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። እንስሳው ሁሉ፣ ዕቃውም ሳይቀር፣ እንደ ሰው ይነጋገር በነበረበት ዘመን አመዶ የሚባል አህያ ነበር። ሥራው ሁለት እንስራ ውሃ ተጭኖ ከወንዝ እስከ ዳገቱ አናት ማድረስ ነው። እላይ ያለው ምንጭ ከደረቀ ሰንብቷል፤ እዚያ ያለው ሁሉ የሚጠጣው አመዶ የሚያመጣውን ነው።

አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ሲደርስ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለና፣ «ወዳጄ፣ ይህን ሁሉ የምትለፋው ለማን ብለህ ነው?» አለው።

«እኔ እንጃ። ሲጭኑኝ እሄዳለሁ» አለ አመዶ።

በማግስቱም አያ ጅቦ፣ «ለማን ብለህ ነው?» አለው። አመዶ ጥያቄውን እያሰላሰለ አለፈው። ያን ቀን እግሩ እንደ ድንጋይ ከበደው።

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ገና ሳይጠይቀው አመዶ መንገዱ ላይ ተንበረከከ።

«ደግ አደረግህ» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «እስኪመሽ እዚሁ ረፍ። እኔ እጠብቅሃለሁ።»

ይህን ጊዜ በግራ ጎኑ የተጫነችው እንስራ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አመዶ፣ ስንደርስ የሚቀበለን ማነው?»

«እማማ ዘርፌ ናቸዋ።»

«መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ጭነቱ የላጠኝን ቦታ ቅቤ ይቀቡኛል።»

«ከዚያስ?»

«እናቱ የሞተችበት ጥጃ መጥቶ ጆሮዬን ይልሰኛል።» አመዶ ጆሮውን ወደ ዳገቱ አናት አቀና። «ትናንት ደግሞ ፍየሏ መንታ ወልዳለች። ውሃ ካላገኘች ወተቷ ይነጥፋል። ግልገሎቹ ገና በቅጡ መቆም እንኳ አልቻሉም።»

ይህን እንዳለ የፊት እግሮቹን ተከለ፤ አቃሰተ፤ ተነሣ።

«ጠጥተው ይረሱሃል እኮ» አለ አያ ጅቦ።

«ይርሱኝ። እኔ ግን አልረሳኋቸውም» ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

እማማ ዘርፌ በር ላይ ቆመው ነበር። «ምነው ዘገየህ ልጄ? ልቤ ተሰቅሎ ዋለ» አሉት አንገቱን አቅፈው። ፍየሏ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣችና ቀና አለች፤ ግልገሎቹም እየተንገዳገዱ ጡቷ ሥር ገቡ። አመዶ የራሱን ድርሻ ሳይቀምስ ቆሞ ያያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዳገቱ አላጠረም፤ እንስራዎቹም አልቀለሉም። አመዶ ግን የሚጠብቁትን አንድ በአንድ እያሰበ ይወጣው ጀመር።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ። እናንተም ሥራ ሲታክታችሁ፣ ልፋታችሁ የሚደርሰውን ሰው ፊት አስቡ፤ ጉልበት ከዚያ ይመጣል።