በራሱ እግር የሚሄድ ስንቅ

አንድ ጊዜ፣ ነጩ ሜዳ በውርጭ ጠንክሮ መንገድ ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አህዪትና አያ ጅቦ በስንቅ ነገር ጭቅጭቅ ይዘው ነበር።

«አሥራ ሁለት ጆንያ!» አለች አህዪት፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ። «አሥራ ሁለት ጆንያ አጥንት! አያ ጅቦ፣ መንገድ ልንሄድ ነው ወይስ ቤት ልንቀይር?»

«ይሄ ለመንገድ ነው እንጂ» አለ አያ ጅቦ። «ለመድረሻው ገና አልቆጠርኩም።»

«ማን ሊጎትተው?»

«እኔና አንቺ ነና።»

«እኔና አንተ መጎተት የምንችለው አራት ጆንያ ነው። አንዱ ለእናቴ የምወስድላት ዱቄት፣ አንዱ የእኔ ገብስ፣ ሁለቱ ያንተ። አለቀ።»

«ሁለት!» አያ ጅቦ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሁለት ጆንያ እኮ ለእኔ ቁርስ ናት! በይ ግደይኝና ይለይልሽ!»

አህዪት አያ ጅቦን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ያደጉት በአንድ ወንዝ ዳር ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ እዚያው ወንዝ ዳር፣ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይያዛል። በየዓመቱም አህዪት ጭራዋን ታቀብለውና ጎትታ ታወጣዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጭቃው የት እንደነበር ይረሳዋል። ሆዳምነቱንና ሞኝነቱን አገር ያውቀዋል። አህዪት ግን እሱን ሳታይ የዋለች ቀን አንድ ነገር የጎደለባት ይመስላታል።

ጉዞው የአህዪት ነበር። እናቷ ከነጩ ሜዳ ማዶ ብቻዋን ትኖራለች። ድሮ በገደሉ ሥር የሚያገናኝ መንገድ ነበራቸው፤ ባለፈው ክረምት ተራራው ተንዶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቁራ ወሬ አመጣ፦ «እናትሽ ጥርሷ ረግፏል። ደረቁን ሣር ማኘክ አቅቷታል። ለስላሳ ነገር ካላገኘች እርጥቡ ሣር እስኪበቅል አትደርስም።» አህዪት ይህን ከሰማች ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ወፍጮ ቤት ደጅ የሚፈሰውን ዱቄት እየለቀመች አንድ ጆንያ ሞላች።

ዱቄቱን ለማድረስ የቀረው መንገድ ነጩ ሜዳ ብቻ ነው። ነጩ ሜዳ የአሥራ ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ በረዶ ብቻ። በሌላው ወራት እግር ያስምጣል። በጥር ግን ውርጩ ያጠነክረውና ለጥቂት ሳምንት ይሸከማል። እሱም ቢሆን ጀርባው ላይ ጭነት ያለበትን አይሸከምም፤ ኮቴው ይበሳዋል። ስለዚህ ጭነቱ በመንሸራተቻ መጎተት አለበት። መንሸራተቻ የጋሪ ወንድም ነው፤ መንኮራኩር የለውም፤ ከሥሩ ሁለት ለስላሳ እንጨት አለውና በረዶው ላይ ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ ያቀደችው ቀበሮ ነበረች። ከሜዳው ማዶ ያሉት አይጦች ከውፍረት ብዛት መሮጥ እንደማይችሉ ቁራው ነግሯታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአህዪት እናት በጣም ታዝናለች። ራሷን መንገድ መሪ አድርጋ ሾመች፤ መንገድ መሪ ደግሞ ከፍ ብሎ ማየት ስላለበት ቦታዋ መንሸራተቻው ላይ፣ ከጆንያዎቹ በላይ ሆነ።

«አትጨቃጨቁ» አለች አሁንም ከላይ ሆና። «አያ ጅቦ፣ ሁለት ጆንያ ይበቃሃል። እኔ በየቀኑ እየሰፈርኩ እሰጥሃለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ያደርስሃል።»

«መንገዱ አሥራ ሁለት ቀን ነው» አለች አህዪት። «ከዘጠነኛው ቀን በኋላስ ምን ይበላል?»

«አዎ፣ ምን እበላለሁ?» አለ አያ ጅቦ።

ቀበሮ ጭራዋን እያስተካከለች «እሱንም አስቤበታለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ ላለው ስንቅ ጆንያ አያስፈልግም። ማንም አይጎትተውም። በራሱ እግር ይሄዳል።»

አያ ጅቦ በደስታ ተነሥቶ ዘለለ። «በራሱ እግር የሚሄድ ስንቅ! አየሽ አህዪት? ብልህ ማለት እንዲህ ነው!»

አህዪት ሜዳው ላይ የሚገኝ ጥንቸል ማለቷ ይሆናል ብላ አለፈችው። ያን ቀን ልቧ ያለው እናቷ ዘንድ ነበር።

ረጅም መንገድ ሳይሞክሩ አይገባበትምና፣ በማግሥቱ ለሦስት ቀን ሙከራ ወደ ሜዳው ጫፍ ወጡ። ቀበሮ ለአያ ጅቦ በበረዶው ላይ እንዳይሰምጥ አራት ስስ ሳንቃ በአራቱም እግሩ አሰረችለት። አያ ጅቦ ደግሞ አፈጣጠሩ እንደሚታወቀው ነው፤ ሜዳ ላይ ቆሞ እንኳ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። አንድ እርምጃ እንደተራመደ የኋላ ሳንቃዎቹ የፊቶቹን ቀደሟቸው፤ ዞሮ ተገለበጠና አራት ሳንቃ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቀረ።

«ምነው፣ አልጋ ሆንክ?» አለችው አህዪት። እስኪያማት ድረስ ሳቀች። እሱም ተገልብጦ እንዳለ ሳቀ። የጅብ ሳቅ እንዴት እንደሆነ የሰማ ያውቃል፤ ሜዳው ሁሉ አብሮ የሳቀ መሰለ።

ገና ሙከራው ሲጀመር ታዲያ ቀበሮ ዘወር ስትል አያ ጅቦ የሦስት ቀን ድርሻውን ባንድ ጊዜ ጨርሶት ነበር። አህዪት ባዶውን ጆንያ አይታ ደነገጠች።

«ምን አደረግከው?»

«አቀለልኩት» አለ አያ ጅቦ፣ ኮራ ብሎ። «ጆንያ ውስጥ ካለ እኔና አንቺ እንጎትተዋለን። ሆዴ ውስጥ ከገባ ግን ማን ይጎትተዋል? ማንም! እስካሁን እንዴት አላሰባችሁትም?»

የመጀመሪያው ቀን ደኅና አለፈ። በሁለተኛው ቀን አያ ጅቦ ዘፈኑን አቆመ። በሦስተኛው ቀን ወሬውንም አቆመ። ጎን ለጎን ታስረው ሲጎትቱ፣ አንገቱ ቀስ በቀስ ወደ አህዪት ዘነበለ። ከአፉ የሚወርደው ልጋግ አገጩ ላይ በረዶ ሠርቶ ተንጠለጠለ።

«አህዪት» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ዛሬ ምን ተቀብተሽ ነው?»

«ምንም። ለምን?»

«እንጃ። ደስ የሚል ሽታ ሸተትሽኝ። የጠገበ ቤት ሽታ።»

አህዪት ቆመች። ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ድረስ ፀጉሯ ተነሣ። ቀስ ብላ ዞራ ወደ መንሸራተቻው አናት አየች።

«እመት ቀበሮ» አለች። «ከዘጠነኛው ቀን በኋላ በራሱ እግር የሚሄደው ስንቅ ማን ነው?»

ቀበሮ ሰማዩን አየች። ጆሮዋን አከከች። «እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም» አለች።

«እውነት ማን ነው?» አለ አያ ጅቦ፣ ጓጉቶ ግራ ቀኙን እያየ። «ይጣፍጣል?»

«መጣፈጡን አላውቅም» አለች አህዪት። «በየክረምቱ ግን ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣህ እሱ ነው።»

ነገር ለአያ ጅቦ ቶሎ አይገባውም። ቆመው ጠበቁት። «ከጭቃ የምታወጪኝ እኮ አንቺ…» አለና ሳቅ ጀመረ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ።

«እኔ? አንቺን?» ብሎ ጮኸ። «እንዲህ ያለ ነገር ከማድረጌ በፊት ሞቼ እገኛለሁ! እናቴን! በአባቴ አጥንት!»

እሱ ሲምል ሆዱ ጮኸ። እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ረዘም አድርጎ ጮኸ። ሦስቱም ሰሙት። ከዚያ መንሸራተቻውን አዙረው ወደ ወንዙ ተመለሱ።

መነሻው ሁለት ቀን ሲቀረው አህዪት ቀበሮን ለብቻዋ ጠየቀቻት። «ገብሴንና ዱቄቱን ብቻ ብይዝ፣ ብቻዬን መጎተት አልችልም?»

«መጎተቱንስ ትችያለሽ» አለች ቀበሮ። «ደልዳላው ላይ ነዋ። መሐል ላይ ባለው አቀበት ግን አንድ ረዳት ከጎንሽ ካልሳበ መንሸራተቻው ወደ ኋላ ይዞሽ ይወርዳል። ረዳት ደግሞ ከእሱ ሌላ የለሽም።»

አህዪት ያን ቀን ሣር አልቀመሰችም። ይቅር እንዳትል፣ እናቷ አለች። ይምጣ እንዳትል፣ ሆዱ አለ። ስታስብ ስታስብ እንዲህ ወሰነች፦ ቀበሮ እየሰፈረች ብትሰጠው እስከ ዘጠነኛው ቀን ያደርሰዋል። ከዚያ የሚቀረው የሦስት ቀን መንገድ ነው። እኔ ባልደርስ እንኳ ዱቄቱ ይደርስ ይሆናል። ይህን ስትወስን ያዘነችው ለራሷ አልነበረም። በኋላ ሲጠግብ የሚያለቅሰውን ጅብ በዓይነ ኅሊናዋ አይታው ነበር።

በማግሥቱ ጧት ከማደሪያዋ ስትወጣ፣ የግጦሽ መስኳ ላይ አንድ ነገር አጎንብሶ አየች። አያ ጅቦ ነበር። ሣር ይግጣል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው ኮለል እያለ፣ እንደ መድኃኒት እያላመጠ ይውጣል።

«አያ ጅቦ! ምን እየሆንክ ነው?»

«እ… እየለመድኩ ነው» አለ፣ አፉ ሣር እንደሞላ። «አንቺ ከልጅነትሽ ጀምረሽ ስትበዪው ምንም አልሆንሽ። እኔስ ምን እሆናለሁ? አንዴ ከለመድኩ መንገዱን ሁሉ ገብስሽን እየተካፈልን…» ንግግሩን ሳይጨርስ ዞር ብሎ ሁሉንም አስመለሰው።

አህዪት አጠገቡ ቆማ ጀርባውን በአፍንጫዋ ዳበሰችው። «ግድ የለም» አለችው። «ተወው፤ ግድ የለም።»

«ትንሽ ቆይቼ እንደገና እሞክራለሁ» አለ እሱ። እስከ ቀትር ድረስ አምስት ጊዜ ሞከረ። አምስት ጊዜ አስመለሰ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ወንዙን ሲያይ ዋለ። አያ ጅቦ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሳይናገርና ሳይበላ ተቀምጦ ያየው ማንም አልነበረም።

የመነሻው ቀን ፀሐይ ወጣች። ሜዳው ጠንክሮ እንደ መስተዋት ያበራል። አህዪት የመጎተቻ ማነቂያዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ቆማለች። ቀበሮ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ «ዘገየ፣ ዘገየ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ብንነሣ ምናለ» እያለች ታጉረመርማለች።

አያ ጅቦ መጣ። በሩቁ ቆሞ አህዪትን አያት፤ ዓይኑ ጭኗ ላይ አረፈና ምራቁን ዋጠ። ቶሎ ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያም ወደ መንሸራተቻው ተጠግቶ የራሱን ሁለት ጆንያዎች በጥርሱ ሳብ ሲያደርጋቸው፣ ቀበሮ ተንከባልላ በረዶው ላይ ወደቀች።

«አንተ! ምን ሆነሃል?»

አያ ጅቦ ለእሱ የተዘጋጀውን ማነቂያ አነሣና በቀበሮ አንገት አጠለቀው። ሰፍቷት ነበርና ሁለት ዙር ጠምዝዞ አጠበቀው።

«አያ ጅቦ! እኔ እኮ መንገድ መሪ ነኝ! ንገሪው እንጂ አህዪት፣ መንገድ መሪ ነኝ!»

ወደ አህዪት ዞረ። ሊሰናበታት አንገቱን ወደ አንገቷ አስጠጋ። አፍንጫው ተንቀጠቀጠ። ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ራሱን ወደ ኋላ መለሰ።

«አያ ጅቦ» አለች አህዪት። «ተቀየምከኝ እንዴ? ምነው አንድ ቃል እንኳ ብትለኝ?»

ወደ እሱ አንድ እርምጃ ብትራመድ መንሸራተቻው ቅልል ብሎ ተከተላት። ቀበሮም ሳትወድ በግድ ከጎኗ ተጎትታ ተራመደች። አያ ጅቦ መንሸራተቻው መንቀሳቀሱን አየ። ሁለቱን ጆንያዎች አንገቱ ላይ አደረገና፣ ዞር ብሎ ሳያያት፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ድክመቱን አውቆ ለወዳጁ ሲል ከመንገድ የሚቀር፣ በማይጠብቀው መሐላ አብሮ ከሚጓዝ የበለጠ ወዳጅ መሆኑን ነው።